መተሃራን በአንድ ሜትር ከሃያ፦ ለሞዴል ባቡር ጣቢያ፣ ግራርና ጥቁር ድንጋይ አሠራር

ከለገሃር እስከ ጅቡቲ ይዘልቅ የነበረው አሮጌው የባቡር መስመር 784 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁሉንም ነገር በ87 አካፍላችሁ በኤችኦ ስኬል ብትሠሩት ወደ 9 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ለኮንዶሚኒየም ሳሎን እሱም ይበዛል። ስለዚህ መስመሩን እርሱትና አንድ ቦታ ምረጡ። እኔ የመረጥኩት የመተሃራን አካባቢ ነው፦ አንድ ትንሽ ጣቢያ፣ ከፈንታሌ ተራራ የወረደው ጥቁር ድንጋይ፣ ጥቂት ግራር፣ ጥግ ላይ ደግሞ የበሰቃ ሐይቅ ጫፍ። መደቡ 120 በ60 ሳ.ሜ. ነው፤ በእውነቱ ዓለም 104 ሜትር በ52 ሜትር መሬት ማለት ነው። ከአልጋ ሥር ይገባል፤ ለሁለት ሰው መሸከም ቀላል ነው።

ባቡሩን ራሱን እዚህ አላነሳም፤ እሱ ሌላ ሙያ ነው። የምናወራው ባቡሩ ስለሚያልፍበት መሬትና ስለሚቆምበት ቤት ነው። ከመጀመራችን በፊት ግን አንድ ነገር ልበል፤ የቀረው ሁሉ ከሱ የሚመዘዝ ነውና። ማስመሪያ የሚያሳንሳቸው ነገሮች አሉ፤ በር፣ ግድግዳ፣ ሰው። በማስመሪያ የማያንሱም አሉ። አሸዋ አያንስም፣ ውሃ አያንስም፣ የቀለም ድምቀትና የቫርኒሽ ብልጭታም አያንሱም። ጀማሪ የሠራው መደብ አሻንጉሊት የሚመስለው ቤቱ ስለተበላሸ አይደለም። ቤቱ በ87 ተካፍሎ ሳለ አሸዋው፣ ቀለሙና ብልጭታው ሳይካፈሉ ስለቀሩ ነው።

ልኬቱን ከፎቶ ማውጣት

መስመሩ ባለ አንድ ሜትር ነው፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ርቀት 1000 ሚ.ሜ. ነው። ይህ ለእኛ ሲሳይ ነው፤ በእያንዳንዱ አሮጌ ፎቶ ላይ የተዘረጋ ሜትር አለ ማለት ነውና። ሐዲዱ ከጣቢያው በር ፊት ለፊት ሲያልፍ የሚያሳይ ፎቶ ፈልጉ። በዚያ ቦታ የሐዲዱን ስፋት በማስመሪያ ለኩና የበሩን ቁመት በሱ አካፍሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሐዲዱ ወደ ካሜራው ቀርቦ ቤቱ ከኋላ ርቆ ከሆነ ስሌቱ ያታልላችኋል፤ ሁለቱም ከካሜራው እኩል ርቀት ላይ መሆን አለባቸው። ሐዲዱ ካልጠቀመ በሩ ይጠቅማል፤ የድሮ ጣቢያ በር ከ2 ሜትር ከ10 እስከ 2 ሜትር ከ20 ብላችሁ ብትይዙት ብዙ አትስቱም።

እኔ የሠራሁት ጣቢያ የአንድ የተወሰነ ቤት ግልባጭ አይደለም፤ በመስመሩ ዳር ያሉ ትናንሽ ጣቢያዎችን ጠባይ የያዘ ነው። ርዝመቱ 12 ሜትር (138 ሚ.ሜ.)፣ ወርዱ 6 ሜትር (69 ሚ.ሜ.)፣ የግድግዳው ቁመት 3.5 ሜትር (40 ሚ.ሜ.)፣ በሩ 25 በ11.5 ሚ.ሜ.፣ የበረንዳው ጥላ ወርድ 23 ሚ.ሜ. ነው። 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 19.5 ሚ.ሜ. ይሆናል። ይህን ሰው ከካርቶን ቆርጣችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙት። እውነቴን ነው፤ ማንኛውንም ነገር ስትሠሩ አጠገቡ አቁሙት። ሰውዬው በሩን ጎንበስ ብሎ የሚገባ ከሆነ ወዲያው ታያላችሁ።

ዋናውን ቤት ከመሥራታችሁ በፊት በብስኩት ካርቶን ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ያለው ሻካራ ቤት በማጣበቂያ ፕላስተር አያይዛችሁ መደቡ ላይ አስቀምጡና ሁለት ሦስት ቀን ኑሩበት። የኔ የመጀመሪያው ቤት 20 ሜትር ነበር፤ በልኬት ትክክል፣ በዓይን ግን መደቡን የዋጠ። ለዚህ ነው ወደ 12 ያወረድኩት። ርዝመትን ማሳጠር ይቻላል፤ የበርና የመስኮት ቁመት ግን አይነካም፤ ዓይን ቶሎ የሚይዘው እሱን ነው።

መደቡና ሐዲዱ

ከሞራሌ ፍሬም ሥሩና 8 ሚ.ሜ. ኮምፔንሳቶ ምቱበት። በላዩ ላይ ከፍሪጅና ከቴሌቪዥን ካርቶን የሚወጣውን ነጭ ፎም በእንጨት ኮላ ለጥፉ። ውፍረቱ 5 ሳ.ሜ. ቢሆን ይበቃል። ዋናው ቁም ነገር መሬቱ ከሐዲዱ ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም እንዲሄድ ነው። ሐይቁ ያለበትን ጥግ 3 ሳ.ሜ. ያህል ቁረጡት። ፎሙን ጥርስ ባለው የዳቦ ቢላ ቁረጡ፤ በረንዳ ላይ ቢሆን ይሻላል፤ ፍሬው ቤቱን ሁሉ እንደ በረዶ ይሞላዋል። ማስቲሽና ስፕሬይ ቀለም ፎም ላይ በቀጥታ እንዳይነኩ፤ ያቀልጡታል።

ሐዲዱ የሚመጣው ከውጭ ነው። ለኤችኦ ስኬል ባለ አንድ ሜትር መስመር የሚሆነው 12 ሚ.ሜ. ሐዲድ፣ ኤችኦኤም የሚባለው፣ ነው። ቲሊግና ፔኮ የሚባሉ ኩባንያዎች ይሠሩታል፤ የስዊዘርላንድ ጠባብ መስመሮችን የሚሠሩ ሰዎች ስለሚገዙት ነው ገበያ ላይ ያለው። የኔን የአክስቴ ልጅ ከጀርመን ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛልኛለች፤ ከቸኮሌት ሥር። የአሁኑን የአዲስ አበባ-ጅቡቲ የኤሌክትሪክ መስመር መሥራት የፈለገ ግን ሥራው ይቀለዋል፤ እሱ 1435 ሚ.ሜ. ስለሆነ ተራው 16.5 ሚ.ሜ. የኤችኦ ሐዲድ ልክ ይሆነዋል።

ከውጭ የሚመጣው ሐዲድ አግዳሚዎቹ እንጨት መሳይ ናቸው። የኛ መስመር አግዳሚዎች ብረት ናቸው። ፈረንሳዮቹ ምስጡን ያውቁ ነበር። ስለዚህ አግዳሚዎቹን ዝገት በሚመስል ቡናማ ቀቡና ጠጠሩን ግማሽ ድረስ ሙሉባቸው። ጫፋቸው ብቻ ብቅ ብቅ ሲል ልዩነቱ ይጠፋል። የሐዲዱን ጎንም እንዲሁ ቀቡ፤ የላዩን ፊት ወዲያው በጨርቅ ጥረጉት፤ ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በሱ ነው።

ጠጠሩ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። እውነተኛው የሐዲድ ጠጠር ከ4 እስከ 6 ሳ.ሜ. ነው፤ በኛ ስኬል 0.5 እስከ 0.7 ሚ.ሜ.። ይህ ተራ አሸዋ ሳይሆን ደቃቅ አሸዋ ነው። በሻይ ማጥለያ ንፉና ያለፈውን ውሰዱ፤ ከዚያ በሴት ስቶኪንግ ንፉና አሁን የቀረውን ውሰዱ፤ ዱቄቱ ይወገዳል። ደረቁን በሐዲዱ መካከል አፍስሳችሁ በለስላሳ ብሩሽ አስተካክሉ። የሐዲዱ ፊት ላይ አንዲት ፍሬ እንዳትቀር። አልኮል የተቀላቀለበት ውሃ በጥቂቱ እርጩበት። ከዚያ አንድ እጅ ነጭ ኮላ፣ ሁለት እጅ ውሃና አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ቀላቅላችሁ በመርፌ ስሪንጅ ጠብ ጠብ አድርጉ። ሳሙናው ከሌለ ኮላው እንደ ዶቃ ተንከባሎ ጠጠሩን ይዞት ይሄዳል። እስኪደርቅ ሌሊቱን ተዉት።

ጥቁሩ ድንጋይ

ከመተሃራ ወጣ ስትሉ መንገዱም ሐዲዱም ቀልጦ በረጋ ድንጋይ ሜዳ ውስጥ ያልፋሉ። ከሩቅ የተገለበጠ ከሰል ይመስላል፤ ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ግን ጥቁር አይደለም። ጥቁር ግራጫ ነው፣ ቡናማ የሚነካካው፤ ጠርዝ ጠርዙ በአቧራ የነጣ። ይህን ልዩነት ያላየ ሰው ጥቁር ቀለም ገዝቶ ይቀባና መደቡ ላይ ቀዳዳ የተከፈተ ይመስላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የወጥ ቤት አልሙኒየም ፎይል ወስዳችሁ በጣም ጨምድዱት፤ ኳስ ካደረጋችሁት በኋላ ሳትጨርሱ ዘርጉት። የቀሩት ሽብሽቦች የተሰነጣጠቀ ድንጋይ ፊት ይሰጧችኋል። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አንጥፉት። ጀሶውን ስታቦኩ ውሃውን አስቀድሙ፤ ጀሶውን በላዩ በትኑ፤ አንድ እጅ ውሃ ለሁለት እጅ ጀሶ ገደማ። እርጎ ሲመስል ትንሽ ጥቁርና ትንሽ ቡናማ የውሃ ቀለም ጨምሩበት። ከውስጥ ያልተቀለመ ጀሶ ጥግ በተሰበረ ቁጥር ነጭ ጥርሱን ያሳያል። ፎይሉ ላይ አፍስሱ፤ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ጠብቁ፤ ፎይሉን ላጡት።

አሁን የተገኘውን ግግር በመዶሻ ጫፍ ሰባብሩት። ትልልቁን በፎሙ ላይ በኮላ ትከሉ፤ በመካከሉ ትንንሹን፤ በትንንሹ መካከል ዱቄቱን። ድንጋይ ከየትም ዘሎ አልመጣም፤ ትልቁ ተሰብሮ ነው ትንሹ የሆነው፤ ስለዚህ ከአንድ ግግር የወጡትን አንድ ቦታ አኑሯቸው። ሲደርቅ በጣም የቀጠነ ጥቁር ቀለም አፍስሱበት፤ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። በመጨረሻ ብሩሽ ላይ ቀላል ግራጫ ቀለም ነክታችሁ በወረቀት ጥረጉትና ምንም የቀረበት ሳይመስል የድንጋዩን ጠርዝ ብቻ ዳበስ ዳበስ አድርጉ። ድንጋዩ የሚነሳው በዚህች በመጨረሻዋ ነው።

ሐዲዱ በሐይቁ በኩል ሲያልፍ ከፍ ባለ ግድብ መሳይ ድልዳል ላይ ነው። በሰቃ ባለፉት አሥርት ዓመታት እየሰፋ መንገዱንም ሐዲዱንም ስላስቸገረ ድልዳሉ ከፍ እንዲል ተደርጓል። ተዳፋቱን በዚሁ በተሰባበረ ድንጋይ ሙሉት።

አፈርና ሣር

አፈር ግዙ የሚል መመሪያ ስታነቡ ሳቁ። አፈር አለን። ቀይና ግራጫ አፈር ከግንባታ ቦታ አምጡ፤ በብረት ምጣድ ላይ ግማሽ ሰዓት ቁሉት፤ ትሉና ዘሩ ይሞታል። ንፉ። ከዚያ፣ ይህን እባካችሁ አትዝለሉት፣ ማግኔት በላስቲክ ጠቅልላችሁ በአፈሩ ውስጥ ደጋግማችሁ አንቀሳቅሱ። የእሳተ ገሞራ አካባቢ አፈር ብረት ያለው ደቃቅ አሸዋ ይበዛበታል፤ ማግኔቱ ላይ እንደ ጢም ሲበቅል ታያላችሁ። ይህ ወደ ባቡሩ ሞተር ከገባ ሞተሩ ማግኔት ስለሆነ አይለቀውም።

ኮላ ሲነካው አፈር ይጠቁራል፤ ከደረቀ በኋላም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ስለዚህ ከምትፈልጉት አንድ ደረጃ የነጣውን ምረጡ፤ ወይም በመጨረሻ ደረቅ አፈር በላዩ ነስንሳችሁ ትርፉን እፍ በሉት። የቡና አተላ የሚጠቀም ሰው አውቃለሁ። ቀለሙ መልካም ነው፤ ግን በደንብ ካልደረቀ ይሻግታል፤ ቤቱንም ለሳምንት ቡና ቡና ያሸታል። እኔ በምጣድ ካደረቅሁት በኋላ በግራር ሥር ብቻ ነው የምጠቀመው።

ለሣር ቃጫ ይበቃል። ከገበያ የምትገዙትን ቃጫ ፈትሉን አላሉ፤ ከ3 እስከ 6 ሚ.ሜ. ቁረጡት። ግማሹን በጠንካራ ሻይ ቀቅሉት፤ ግማሹን ተዉት። የአዋሽ ሜዳ ሣር አብዛኛውን ዓመት አረንጓዴ አይደለም፤ ገለባ ነው። በጥቂቱ በመቆንጠጫ ይዛችሁ ጫፉን ኮላ ነክራችሁ ትከሉ፤ አንድ እግር እዚህ፣ ሦስት እግር እዚያ፣ መካከሉ ባዶ አፈር። አሰልቺ ሥራ ነው። ሬዲዮ ክፈቱ።

የጣቢያው ቤት

ግድግዳውን ከጫማ ካርቶን ሥሩ፤ ሁለት ንብር ተለጣፊ፣ ኮላው ሲደርቅ እንዳይጣመም በመጽሐፍ ተጭኖ። በርና መስኮቱን ከመለጠፋችሁ በፊት ቁረጡ፤ ምላጩን አዲስ አድርጉ፤ ሦስት ጊዜ በስሱ ሂዱበት እንጂ አንድ ጊዜ በኃይል አትጫኑ። ማዕዘኑን በስኳድራ ያዙት። ከውስጥ በኩል በየጥጉ የክብሪት እንጨት ለጥፉ፤ ቤቱ ክረምቱን የሚያልፈው በዚያ ነው፤ ካርቶን እርጥበት ይፈራል።

ልስን ለማስመሰል የቀለም ሠሪዎችን ስቱኮ ከትንሽ ነጭ ኮላ ጋር ቀላቅላችሁ በጣት ቀቡትና ሲደርቅ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ሁሉንም ማለስለስ አያስፈልግም። ከታች እስከ አንድ ሜትር ድረስ (11 ሚ.ሜ.) ድንጋይ ከሆነ ስቱኮው ሳይደርቅ በመርፌ የድንጋይ መስመር ጫሩበት፤ አንዱ ድንጋይ ከ3 እስከ 4 ሚ.ሜ. ይሁን። ቀለሙ በኖራ ላይ ትንሽ ቢጫ የነካው ይሁን፤ ከታች በኩል የዝናብ ርጭት ያቀላው። የጣቢያውን ስም በአማርኛና በፈረንሳይኛ በኮምፒውተር ጽፋችሁ አትሙ፤ ወረቀቱን ከኋላ በብርጭቆ ወረቀት እስኪሳሳ አሹት፤ ከዚያ ለጥፉት። ወፍራም ወረቀት ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ የተለጠፈ መሆኑ ያስታውቃል።

አሁን ወደ ጣሪያው፤ ይህ ክፍል የኔ ኩራት ነው። የቆርቆሮ ሞገድ ከአንዱ ጉብታ እስከ ሌላው 7.5 ሳ.ሜ. ገደማ ነው፤ በ87 ሲካፈል 0.86 ሚ.ሜ.። ካርቶን ውስጥ ያለው ሞገድ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ በሱ የተሠራ ጣሪያ የአንድ ግዙፍ ሰው ቤት ይመስላል። ብዙ ፈለግሁ። መልሱ የተገኘው ብረታ ብረት ሱቅ ውስጥ ነው፦ ኤም 5 ቡሎን። የጥርሱ ርቀት 0.8 ሚ.ሜ. ነው። ረጅሙን፣ እስከ ጫፍ ጥርስ ያለውን ግዙ።

የምግብ መያዣ አልሙኒየም ሳህን ጠፍጣፋ ቦታውን ቁረጡ። የኮምፒውተር ማውስ ምንጣፍ ላይ አኑሩት። ቡሎኑን በላዩ አስተኝታችሁ በሁለት እጅ መዳፍ ወደ ታች ተጭናችሁ ሊጥ በመዳመጫ እንደሚዳመጥ ቀስ ብላችሁ አንከባልሉት፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳትመለሱ። ከተመለሳችሁ መስመሩ በመስመሩ ላይ ይዛነፋል። ስታነሱት እውነተኛ ቆርቆሮ ታያላችሁ። መስመሮቹ ከቡሎኑ ጥርስ የተነሳ ትንሽ ጋደል ይላሉ፤ ስትቆርጡ የሳህኑን ጠርዝ ሳይሆን መስመሩን ተከተሉ፤ ጉዳዩ አለቀ።

ባለ ሁለት ሜትር ቆርቆሮ 23 ሚ.ሜ. ቁመት ነው፤ ወርዱን 10 ሚ.ሜ. አድርጉ። ለዚህ ቤት 70 ያህል ቁራጭ ያስፈልጋል። ሁሉንም ወረቀት ላይ በትንሽ ፕላስተር አያይዛችሁ ውጭ ወጥታችሁ ግራጫ ስፕሬይ ቀቧቸው፤ የውሃ ቀለም ባዶ አልሙኒየም ላይ አይዝም። ከዚያ በሦስት ክምር ክፈሏቸው፦ አዲስ፣ የነጣ፣ የዛገ። ከታች ከክፈፉ ጀምራችሁ ወደ ላይ ለጥፉ፤ የላይኛው በታችኛው ላይ፣ የጎኑም በጎኑ አንድ ሞገድ ይደራረብ፤ እንደ ቆርቆሮ ሠሪው። ሦስቱን ክምር አደባልቁ፤ ግን የዛገውን በብዛት ከታች በኩልና ጭስ ማውጫው አጠገብ አድርጉ፤ ውሃው የሚያርፈው እዚያ ነው። አንዱን ቁራጭ ትንሽ ገንጠል አድርጋችሁ ድንጋይ ጫኑበት። ያለ ድንጋይ የቆመ አሮጌ ጣሪያ ማን አይቶ ያውቃል?

ለዝገቱ ቀለም የሚዛግ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ በኮምጣጤ ውስጥ ለቀናት ዘፍዝፉ፤ ክዳኑን አታጥብቁ። የሚወጣው ፈሳሽ ዝገት ራሱ ነው። በብሩሽ ጫፍ ከምስማሩ መስመርና ከመደራረቢያው ጀምራችሁ ወደ ታች ሳቡት። ስሱ ይሁን። ሲደርቅ ይደምቃል። ኮምጣጤው ከሐዲዱ ይራቅ።

ግራር

ከዚህ በፊት የሠራኋቸው ግራሮች ጃንጥላ ነበሩ፤ በቃ ጃንጥላ። አንድ ቀን ወደ አዋሽ ስንሄድ መኪናው ጎማው ተንፍሶ ቆምን፤ ሾፌሩ ሲታገል እኔ አንድ ግራር ሥር አንድ ሰዓት ተቀምጬ ወደ ላይ ስመለከት ቆየሁ። ሦስት ነገር ገባኝ። አንደኛ፣ አናቱ አንድ ጠፍጣፋ ሳይሆን ሦስት አራት ጠፍጣፋ ደመናዎች ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ትንሽ ዝቅ ይላል። ሁለተኛ፣ በቅጠሉ መካከል ሰማይ ይታያል። ሦስተኛ፣ ከሥሩ ልክ ተላጭቶ እንደተስተካከለ ጠፍጣፋ ነው፤ የሚላጨው ግመል ነው። ግመል አንገቱን ሲዘረጋ ሦስት ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ በኛ 35 ሚ.ሜ.። ከዚያ በታች ቅጠል አታድርጉ።

ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ ቀጫጭኑን የመዳብ ሽቦ አውጡ፤ 12 ሳ.ሜ. ርዝመት ያላቸው 15 ክሮች። ከታች 2 ሳ.ሜ. ለሥር ተዉ፤ ከዚያ 3 ሳ.ሜ. በፒንሳ ጠምዝዙ፤ ይህ ግንዱ ነው። ከዚያ በላይ በሦስት ክፈሉና እያንዳንዱን ጠምዝዙ፤ እያንዳንዱን እንደገና በሁለት። ቅርንጫፎቹ መጀመሪያ ወደ ላይ እንደ ጽዋ ይከፈቱ፤ ጫፋቸው ላይ ግን ጎንበስ ብለው አግድም ይሂዱ። ቁመቱ ከ70 እስከ 90 ሚ.ሜ. ይሁን፤ ወርዱ ከቁመቱ ቢበልጥ አትደንግጡ። ግንዱን በኮላና በደቃቅ ሰጋቱራ ድብልቅ ለብጡት፤ ሁለት ጊዜ፤ ግራጫ ቡናማ ቀቡ።

ለቅጠሉ አረንጓዴውን ሻካራ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውሰዱ። ሻካራውን ክፍል ብቻ ላጡና እንደ ጥጥ በመዘርዘር ሁለት ሚ.ሜ. እስኪሳሳ ሳቡት። ቅርጹ ክብ እንዳይሆን በእጅ ቅደዱት እንጂ በመቀስ አትቁረጡት። በየቅርንጫፉ ጫፍ አንድ አንድ ለጥፉ። የፀጉር ስፕሬይ ነፍታችሁ ያቀለማችሁትንና የነፋችሁትን ሰጋቱራ ከላይ በኩል ብቻ ነስንሱ። አረንጓዴውን በግራጫና በትንሽ ቢጫ ግደሉት፤ የቆላ ግራር አቧራ የጠጣ አረንጓዴ ነው። በመስኮት ፊት ያዙት፤ ብርሃን ካላሳለፈ ቅጠሉ በዝቷል፤ ንጩለት።

ስድስት ዛፍ ካላችሁ ስድስቱም ተመሳሳይ ቁመት እንዳይኖራቸው። ትንሹን ከኋላ ትከሉ፤ ሜዳው ይርቃል።

ሐይቁ

ውሃው የመጨረሻው ሥራ ነው። የሐይቁን ጉድጓድ በጀሶ ለስኑ፤ ሁለት እጅ ቀለም ቀቡ። ዳር ዳሩ የነጣ ግራጫ፣ ወደ ውስጥ እየጠቆረ የሚሄድ አረንጓዴ ግራጫ ይሁን፤ ሰማያዊ አይደለም። ሰማያዊው የሰማዩ ነጸብራቅ ነው፤ እሱን ብልጭታው ራሱ ያመጣዋል። ውሃው የደረሰባቸውን የደረቁ ግራሮች፣ ያለ ቅጠል፣ ሽቦና ግንድ ብቻ፣ ከማፍሰሳችሁ በፊት ትከሉ።

ኢፖክሲ በስሱ፣ ከ2 እስከ 3 ሚ.ሜ. ብቻ፣ አፍስሱ፤ 24 ሰዓት ጠብቁ፤ ድገሙ። እኔ ቸኩዬ አንድ ሳ.ሜ. በአንዴ አፈሰስኩ። ኢፖክሲ ሲጠነክር ይሞቃል፤ በወፈረ ቁጥር የበለጠ ይሞቃል። በማግሥቱ ስነሳ ፎሙ ቀልጦ ሐይቁ አንድ ጣት ሰምጧል፤ የቀረው በኮምፔንሳቶው ስንጥቅ ወርዶ ከሥር ያለውን የባለቤቴን ምንጣፍ መስተዋት አድርጎታል። ምንጣፉ አሁን ከመደቡ ሥር ተነጥፏል፤ ሌላ ቦታ አይሆንም ተብሏል። ስታፈስሱ መስኮት ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ፤ አረፋውን በፀጉር ማድረቂያ ከሩቅ አባርሩት።

ሞገድ ካማራችሁ በስሱ፤ 5 ሳ.ሜ. ሞገድ በኛ 0.6 ሚ.ሜ. ብቻ ነው። የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ በስፖንጅ ዳበስ ዳበስ ማድረግ ይበቃል። በመደቡ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር ሐይቁና የሐዲዱ ፊት ብቻ ይሁኑ፤ ሌላው ሁሉ በደብዛዛ ቫርኒሽ ይሸፈን።

ሰውና ዕቃ

ከውጭ የሚመጡት ምስሎች ኮትና ባርኔጣ የለበሱ ናቸው። ባርኔጣውን በምላጭ አንሱ፤ ከሶፍት ወረቀት አንድ ንብር ገንጥላችሁ በቀጠነ ኮላ ነክራችሁ ነጠላ አልብሷቸው፤ ለወንዶቹ ሽርጥ። ኮላው ሳይደርቅ በመርፌ ጫፍ እጥፋቱን አስተካክሉ። የአካባቢው ከብት አርቢዎች ከረዩዎች ናቸው፤ ሁለት ግመልና የፍየል መንጋ ግራሩ ሥር አኑሩ። ሰዎቹን ጥላ ውስጥ ሰብስቧቸው፤ በመተሃራ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ የሚቆም የለም። የተሳፋሪ ባቡር እንደቆመ ካሳያችሁ ግን ሁሉም ወደ መስኮቱ ይሩጥ፤ ሻይ የያዘችው፣ ሙዝ የተሸከመው።

ዘመኑን አትሳቱ። የኔ 1970ዎቹ ዓ.ም. ስለሆነ ቢጫ ጀሪካን ይፈቀዳል፤ የጃንሆይ ዘመን የምትሠሩ ከሆነ ቶፋና በርሜል ፈልጉ። ባቡሩ የቆመ አስመስላችሁ ሰዎቹን ካስቀመጣችሁ በኋላ ሁልጊዜ ሰፊውን ፉርጎ በእጃችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ግፉት። የኔ ሙዝ ሻጭ ሁለት ጊዜ ተገጭቷል።

ሁሉም ሲያልቅ የስልካችሁን ካሜራ ሐዲዱ ላይ፣ በሰውዬው ዓይን ከፍታ፣ አስቀምጡና ፎቶ አንሱ። ያልተቀባ የካርቶን ጠርዝ፣ የኮላ ጠብታ፣ በአየር ላይ የተንጠለጠለ እግር፣ ከላይ ሲያዩት የተደበቀ ሁሉ እዚያ ይወጣል። ዝርዝሩን ጻፉና አንድ በአንድ ጠግኑ፤ የኔ የመጀመሪያ ዝርዝር ሁለት ገጽ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው አቧራ ነው፤ እሱም የማያንስ ነገር ነው፤ ጣሪያው ላይ ያረፈች አንዲት ብናኝ በ87 ስትባዛ የቡጢ ድንጋይ ታክላለች። ማታ ማታ የፕላስቲክ ሉህ አልብሱት፤ ሉሁ ግራሮቹን እንዳይነካ በአራቱ ጥግ 15 ሳ.ሜ. እንጨት አቁሙ። በየሁለት ሳምንቱ በመዋቢያ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ጥረጉ፤ ከጣሪያው ጀምራችሁ፣ ሐዲዱን በመጨረሻ።